ድህነት አረንጓዴ ሲቀባ

የዓለም የዘላቂ ልማት ሪፖርት የሚባለውን ሰነድ በየዓመቱ ሲወጣ አነበዋለሁ። በፕሮፌሰር ጄፍሪ ሳክስና ባልደረቦቻቸው አማካይነት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚቀርበው ይህ ሪፖርት፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያጸደቃቸውን 17 ግቦች ይዞ ከ160 በላይ አገሮችን ይመዝናል። ለእያንዳንዱ ግብ ቀለም ይሰጣል። አረንጓዴ ደርሳችኋል ማለት ነው፤ ቢጫና ብርቱካናማ ይቀራችኋል፤ ቀይ ደግሞ ገና ብዙ ይቀራችኋል። መረጃ የሌለው ግራጫ ሆኖ ይታለፋል።

የኢትዮጵያን ገጽ የገለጠ ሰው ድህነት ቀይ፣ ረሃብ ቀይ፣ ውሃ ቀይ፣ ኃይል ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ማንንም አያስገርምም። የሚያስገርመው በመካከሉ የሚያበሩት ሁለት አረንጓዴዎች ናቸው፤ 12ኛውና 13ኛው ግብ፣ ማለትም ኃላፊነት የተሞላበት ፍጆታና የአየር ንብረት። በእነዚህ ሁለት ግቦች ሰንጠረዡን ለዓመታት ከላይ የመራችው ፊንላንድ እንኳ ኢትዮጵያን አትደርስባትም!

ለመሆኑ አረንጓዴው ከየት መጣ? 13ኛው ግብ በዋናነት የሚለካው ከነዳጅ ቃጠሎና ከሲሚንቶ ምርት የሚወጣው ካርቦን ለአንድ ሰው ተካፍሎ ነው። 12ኛው ላይ ደግሞ አንድ ሰው በዓመት የሚጥለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አለበት። ታዲያ ቴሌቪዥን ያልገዛ ሰው ምን ቴሌቪዥን ይጥላል? መኪና የሌለው፣ አምፖል የሌለው፣ ከሕዝቡ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ወገናችን ሌሊቱን በጨለማ ሲያሳልፍ፣ የልኬቱ ሊቃውንት “ግቡን መትቷል” ብለው ይመዘግቡለታል።

እኔ ባደግሁበት ቤት ምጣዱ የሚሞቀው በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። ዛሬም በኢትዮጵያ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የሚበስልለት በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ያ ጭስ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ጫካውንም ያራቁታል። በሪፖርቱ ግን ያው አንድ ምድጃ ሁለት ቦታ ይቆጠራል። በ7ኛው ግብ “ንጹሕ ማብሰያ የላቸውም” ተብሎ ቀይ ያሰጣል፤ በ13ኛው ግብ ደግሞ ነዳጅ ስላልተቃጠለ አረንጓዴ ያሰጣል። ከዚያ 17ቱም ግቦች እኩል ክብደት ተሰጥቷቸው በአማካይ ይደመራሉ። በጭሱ የተቀነሰው ነጥብ በጭሱ ተመልሶ ይተካል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ በገበያ ላይ ቢሠሩት ሚዛን ሰረቀ ይባል ነበር።

ላዘጋጆቹ ፍትሐዊ ልሁን። ባለጠጎቹ አገሮች ፋብሪካቸውን ወደ ሌላ አገር አሽሽተው ንጹሕ እንዳይመስሉ፣ በሚያስገቡት ዕቃ ውስጥ ያለውን ብክለት ይቆጥሩባቸዋል። ይህ በጎ ሥራ ነው። የሚጎድለው ሁለት አረንጓዴዎችን የመለየት ሥራ ነው። ደቡብ አፍሪካ ለአብዛኛው ሕዝቧ መብራት ያደረሰችው በድንጋይ ከሰል ስለሆነ በ13ኛው ግብ ትቀጣለች። ኢትዮጵያ ግን ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል በሙሉ የምታገኘው ከውሃ ነው፤ በመስከረም 2025 የተመረቀው የዓባይ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ የሠራ ሕዝብ አረንጓዴ ነው። በየገጠሩ ያለው የጨለማ አረንጓዴ ግን ሌላ ነው። ሰንጠረዡ ሁለቱን በአንድ ብሩሽ ቀብቷቸዋል።

“ለአንድ ሰው” የሚለው ማካፈያም ራሱ ጉድ አለበት። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ሲሆን ወደ 74 ሚሊዮን ሕዝብ ተመዘገበ። ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ከ130 ሚሊዮን በላይ ነን ሲል፣ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ግምት ከዚያ በሃያ ሚሊዮን ገደማ ያንሳል። የአንድ አገር ሕዝብ የሚያህል ልዩነት! በዚህ ላይ ተካፍሎ እስከ ነጥብ ቤት ድረስ የሚጻፍ ደረጃ እኔን አያሳምነኝም። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጋና በ2010 የስሌት መነሻ ዓመቷን ስትቀይር ኢኮኖሚዋ በወረቀት ላይ 60 በመቶ ገደማ አደገ፤ ናይጄሪያ በ2014 እንዲሁ አድርጋ በ89 በመቶ አበጠች። በማግስቱ በሌጎስ የአንድም ሰው ምሳ አልጨመረም።

“ይህ ሁሉ የቀለም ጨዋታ ነው፣ ማንን ይጎዳል?” የሚል አይጠፋም። ቀለሙን ግን ለጋሾች ያነቡታል፣ ሚኒስትሮችም በየጉባኤው ይዘውት ይቆማሉ። አረንጓዴ የተቀባ ሣጥን ደግሞ በጀት አይጠይቅም። ስለዚህ ለአዘጋጆቹ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። 7ኛው ግብ ላይ ቀይ የሆነ አገር 13ኛውን አረንጓዴ ሲያገኝ፣ ሣጥኑን በሰያፍ መስመር አስምሩበትና ከሥሩ ስንት ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንደሚጋግር ጻፉ።