ደመ ከልብ እንዳትቀር፦ አሮጊቷ መርማሪ በባቢሌ ዓይን

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ተብሎ ከኂስ ገበታ ሲገፋ የኖረ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነው። ነገር ግን ሰው በፈቃዱ ደጋግሞ የሚያነበው ሁሉ የሚነግረን ቁም ነገር አለውና፣ ደስታው ከምን እንደሚመነጭ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህ ጥያቄ እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ ከፈጠረቻቸው ከወይዘሪት ማርፕል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እኒህ አሮጊት እ.ኤ.አ. በ1927 በአጭር ልብ ወለድ ብቅ ብለው፣ በ1930 «ግድያ በቄሱ ቤት» በተባለው ረጅም ልብ ወለድ ሥር ሰደው፣ ደራሲዋ እስካረፈችበት እስከ 1976 ድረስ በ12 ረጅምና በ20 አጫጭር ልብ ወለዶች ዘልቀዋል።

ወይዘሪት ማርፕል ባል አላገቡም፤ ሹመት የላቸውም፤ መሣሪያ አይዙም። ሴንት ሜሪ ሚድ በተባለች መንደር አትክልታቸውን እየኰተኰቱና ሹራብ እየሠሩ ይኖራሉ። ጥበባቸው ማነጻጸር ነው። የተጠርጣሪውን ጠባይ ሲያዩ ከዓመታት በፊት በመንደራቸው የነበረ አንድ ሰው ትዝ ይላቸዋል፤ ያ ሰው በትንሹ ነገር እንዴት እንደ ዋሸ ያስታውሱና፣ ይኸኛው በትልቁ ነገር እንዴት እንደሚዋሽ ይረዳሉ። አንዳንዱ ፖሊስ መጀመሪያ ይንቃቸዋል፤ በመጨረሻ ግን ወደ እርሳቸው ይመለሳል። ግድያው ከመጋረጃ በስተጀርባ ስለሚፈጸም አንባቢው ብዙ ደም አያይም፤ የሚያየው የሻይ ሲኒ፣ የጎረቤት ወሬና የሰው ፊት ነው። የንባቡ ደስታም ከዚህ ይመነጫል፤ ይኸውም ዓለም የናቀው የአረጋውያን ትዝታ ዕውቀት ሆኖ ሲገኝ ከማየት ነው።

ይህ ደስታ ለባቢሌ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ኦሮሞውና ሶማሌው ተጎራብተው የሚኖሩባት፣ በግመል ገበያዋና በለውዟ የታወቀች፣ መንገደኛ የማይታጣባት ናት። እ.ኤ.አ. በ1950 በታተመው «ግድያ ታወጀ» ውስጥ ወይዘሪት ማርፕልን የሚያሳስባቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ መንደሩ ለመጣው እንግዳ ከራሱ አፍ በቀር ማንነቱን የሚመሰክርለት አለመኖሩ ነው። ሶማሌው ለዚህ ጥያቄ ጥንታዊ መልስ አለው፤ አብትርሲ ይባላል፤ ሰው የአባቶቹን ስም ወደ ላይ እየቆጠረ ማንነቱን ያስረዳል። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ሰላምታ መሰል ጥያቄ የምርመራ ሁሉ መጀመሪያ መሆኑን የባቢሌ ሽማግሌ ከመጽሐፍ አልተማረውም። በዛፍ ጥላ ሥር በሚደረገው የሽማግሎች ሸንጎ ሴት ባትቀመጥም፣ በገበያ ዳር የግመል ወተት የምትሸጥ እናት ማን ከማን ጋር እንደ መጣ፣ ማን ዕዳውን ሳይከፍል እንደ ሄደ ታውቃለች። ወይዘሪት ማርፕል የዚህች እናት እኅት ናቸው።

በሌላውም የአገራችን ክፍል እንዲህ ያለው የጋራ ትዝታ ሥርዓት ተበጅቶለት ነበር። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በተባለው ጉባኤ ነዋሪው ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው ካልታወቀ ሕዝቡ ካሣውን በጋራ ይከፍላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ልብ ወለድ ስሙን ከዚሁ ከአፈርሳታ የወሰደ ነው። በአማርኛ ግን ይልማ ሀብተየስን የመሳሰሉ ደራስያን የወንጀል ታሪክን ቢያስለምዱም፣ ማሞ ውድነህም የስለላ መጻሕፍትን ቢተረጕሙም፣ መድረኩን የያዘው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊሱና ሰላዩ ነው። አሮጊቷ ከምድጃው አጠገብ ቀርታለች።

መቅረቷ ምን እንዳሳጣን ለመረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውንና ስሙን ከልጆች መዝሙር የወሰደውን የክሪስቲን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በአንድ ባለጸጋ ቤት ከሚገደሉት መካከል ግላዲስ የምትባል የቤት ሠራተኛ ትገኛለች። ወላጅ የላትም፤ ያደገችው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው፤ የቤት ሥራ ያስተማሯት ወይዘሪት ማርፕል ናቸው። ገዳዩ ሬሳዋን አፍንጫዋ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ሰክቶበት ሄዷል። አሮጊቷን ከቤታቸው ያስነሣቸው የሀብታሙ ሞት ሳይሆን ይህ ንቀት ነው።

የባቢሌ አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። አንደኛው፣ ገዳዩ ከታወቀ በኋላስ የሚል ነው። የክሪስቲ መጽሐፍ የገዳዩ ስም ሲገለጥ ይዘጋል፤ የቀረው የዳኛውና የመስቀያው ገመድ ሥራ ነው። ሄር በተባለው የሶማሌ ልማዳዊ ሕግና ጉማ በተባለው የኦሮሞ የደም ካሣ ሥርዓት ግን ገዳዩን ማወቅ የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው፤ ሽማግሎች ካሣውን ቆርጠው፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገበያ እንዲገበያዩ፣ ከአንድ ጉድጓድ እንዲቀዱ መንገድ ይፈልጋሉ። የክሪስቲ ድካም ይህን አለማየቷ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ወደ ራሳችን ይመለሳል። ካሣ የሚጠይቅላት ጎሣ የሌላት ግላዲስ ደሟን ማን ይጠይቅላት? ወገን ለሌለው ሰው የሽማግሎቹ ዛፍ ጥላው አጭር ነው። ወይዘሪት ማርፕል ዘመድ ለሌላት ዘመድ ሆነው፣ ልጅቱ ደመ ከልብ እንዳትቀር ያደርጋሉ።

ስለዚህ አሮጊት መርማሪን በአማርኛ ለመፍጠር የሚነሣ ደራሲ ሹራቡንና የሻይ ሲኒውን መቅዳት አያስፈልገውም። ገበያ ዳር ከተቀመጠችው እናት ትዝታዋን፣ ከሽማግሎቹ ማስታረቁን፣ ከክሪስቲ ደግሞ ጠያቂ ያጣውን ደም መጠየቅን ይውሰድ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲጻፍ፣ አንባቢው ማን ገደላት ብሎ ይጀምርና ማን ጠየቀላት ብሎ ይጨርሳል።