ባለቤት የሌለው ጭነት

ጀርመናዊው የጨዋታ ፈጣሪ ሚሻኤል ሻኽት እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎሬቶ የተባለ አነስተኛ የካርታ ጨዋታ አወጣ። ሰባት ቀለም፣ ከእያንዳንዱ ዘጠኝ ካርታ፣ ላዩ ላይ እስስት። ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ጨዋታ መካነ እንስሳት አደረገውና ዙሎሬቶ አለው፤ በዚያው ዓመት የጀርመንን «የዓመቱ ጨዋታ» ሽልማት አገኘበት። የሰውየው እጅ የሚታወቀው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ምኑን ነክቶ ምኑን እንደተወ ሲታይ ነው።

የጨዋታውን ልብ አልነካውም። ተራው የደረሰው ተጫዋች ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ወይ ከክምሩ አንድ ካርታ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ረድፎች በአንዱ ያስቀምጣል፣ ወይ አንዱን ረድፍ ሙሉውን አንስቶ ከዙሩ ይወጣል። አንድ ረድፍ ከሦስት ካርታ በላይ አይይዝም። ደንቡ ይኸው ነው። ተንኮሉ ግን ያስቀመጡት ካርታ የራስ አለመሆኑ ላይ ነው። አሳምረው ያዘጋጁትን ረድፍ ቀጣዩ ሰው ብድግ አድርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚመኘውን ካርታ ሆን ብሎ ሌላው ከሚሸሸው ጋር ያጣምረዋል። ሁሉም እንዲሁ ስለሚያደርግ ንጹሕ ጭነት ብርቅ ይሆናል። ባለው ይብቃኝ ወይስ አንድ ካርታ ልጠብቅ? በሃያ ገጽ ደንብም የማይገኝ ጭንቀት ነው።

ነጥብ አያያዙም እንዲሁ ቁጥብ ነው። የአንድ ቀለም ካርታ ከአንድ እስከ ስድስት ሲበዛ 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15፣ 21 ነጥብ ያስገኛል። በሦስት ቀለሞች ይደመራል፣ በቀሩት ይቀነሳል። ያው አንድ ሰንጠረዥ ሽልማትም ቅጣትም ነው! የማይፈለግ ቀለም መጀመሪያ 1 ነጥብ ብቻ ስለሚያስከፍል «ምን አለበት» ተብሎ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ ሌላ 2፣ ቀጥሎ ሌላ 3። ዳገቱ የሚሰማው ከወጡት በኋላ ነው።

በዙሎሬቶ ካርታዎቹ ጠፍጣፋ ገበታ፣ ረድፎቹ የጭነት መኪና፣ ቀለሞቹ ስምንት ዓይነት እንስሳ ሆኑ፤ ዝሆን፣ ግመል፣ የሜዳ አህያ፣ ፓንዳ እያለ ይቀጥላል። ትልቁ ብልሃት ግን ሌላ ነው። በኮሎሬቶ አራተኛው ቀለም ለምን ያስቀጣል ቢባል መልሱ «ደንቡ ነው» ነው። እዚህ ሦስት አጥር አለ፤ አንዱ አራት፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ስድስት እንስሳ ይይዛል፤ በአንድ አጥር ሁለት ዓይነት አይደባለቅም። ዝሆን መጣ፣ ቦታ የለም፣ በረት ይገባል፤ ቅጣቱን ልጅም ሳይነገረው ይረዳዋል። ወንድና ሴት በአንድ አጥር ሲገናኙ ግልገል በነጻ ይገኛል፣ እሱም ቦታ ይይዛል።

በዙሎሬቶ የተጨመሩት ሳንቲሞች ላይ ግን እኔ ቅር ይለኛል። እንስሳ ለማዘዋወር፣ ለማስወገድ፣ ግቢ ለማስፋት እየተባለ የተጨመረው ሁሉ የካርታውን ፍጥነት ይጎትታል። አንዱን ግን አላስነካም፦ በሁለት ሳንቲም ከሌላው ተጫዋች በረት እንስሳ መግዛት ይቻላል። አንዱ ሳንቲም ለባለቤቱ ይደርሳል፤ እምቢ ማለት አይችልም። ቅጣቱ ሊቃለልለት ይችላል፣ ኪሱም ይሞላል፤ ነገር ግን ያንን ፓንዳ አጥር እስኪያስፋ ደብቆ ሊያቆየው አስቦ ከነበረ አሁን የጎረቤት ሆኗል።