የስልኩ መካሪና የቤታችን ገበታ



ዛሬ በየሰው እጅ ያለው ስልክ መነጋገሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጤና መካሪም ሆኗል። ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው አንድ ፕሮግራም ስልኩ ላይ ይጭናል፤ ቁመቱንና ክብደቱን፣ በየቀኑም የበላውን ይመዘግባል፤ ስልኩም እርምጃውን እየቆጠረ «ዛሬ በርታ ብለሃል»፣ «ዛሬ አብዝተሃል» ይለዋል። በአንዳንዱ ከመልእክቱ በስተጀርባ ሰው አለ፤ በሌላው መልስ የሚሰጠው ማሽኑ ራሱ ነው። አዲስ የገቡ ቤተሰቦች ስለዚህ ነገር ስለሚጠይቁ፣ አንዱን ለሁለት ወር ሞክሬ ያየሁትን ለመጻፍ ወደድሁ። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። በ1984 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወገኖቻችን ወደዚህ አገር ሲገቡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን በዛ። ውኃ ለመቅዳትና ገበያ ለመድረስ ሰዓታት ይጓዝ የነበረው እግር አውቶቡስና አሳንሰር ለመደ፤ የጤፍና የዳጉሳው እንጀራ በብዙ ቤት በነጭ ዱቄት ተለወጠ፤ በጠላው ቦታ ጣፋጭ መጠጥ ገባ።

በመጀመሪያ ምስጋና የሚገባውን ላመስግን። ስልኩ እኔ ያልቆጠርሁትን ቆጥሮልኛል። ቡና በአቦል፣ በቶናና በበረካ ስጠጣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር እጨምር ነበር። ሲደመር 6 ማንኪያ፣ ማለትም 24 ግራም ያህል መሆኑን ያስተዋልሁት ስመዘግበው ነው። አንድ ብርጭቆ ኮካ ኮላም ከዚህ ብዙ አያንስም። ወጥ ውስጥ የሚገባው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው። ይህን ማወቅ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ ስልኩ በቀን 10,000 እርምጃ ካልሄድህ እያለ ይወቅሳል። ይህ ቁጥር ከሐኪም የመጣ አይደለም፤ በ1965 በጃፓን ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የተወሰደ ነው። በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 72 ዓመት የሆነ ሴቶችን ተከታትሎ፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ያህል ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ጥቅሙም ከ7,500 በኋላ ብዙ አልጨመረም። ስለዚህ እስከ ማኮሌቱና እስከ ምኵራቡ በእግራቸው የሚሄዱ እናት በስልክ ቁጥር ሊያፍሩ አይገባም።

ከባዱ ጉድለት ግን በገበታው ላይ ነው። እንጀራ ብዬ ብፈልግ አንድ ቁጥር ብቻ ሰጠኝ፤ የጤፍ ይሁን የነጭ ዱቄት፣ ስስ ይሁን ወፍራም አይለይም። ቀጥሎ «ስንት በላህ?» አለኝ። ለአምስት ሆነን ከአንድ ትሪ ስንበላ፣ ስንጎራረስም፣ የእኔን ድርሻ ማን ይለካል? ፕሮግራሙ የተሠራው ሰው ሁሉ በራሱ ሳህን ለብቻው ይበላል በሚል ሐሳብ ነው። ስለዚህ ምግቡ ሲበዛ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ይጥላል። በእኛ ቤት ግን ዘይቱን የሚጨምር አንዱ፣ ጣፋጭ መጠጡን የሚገዛ ሌላው፣ «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» እያለ የሚያጎርስ ደግሞ ሌላ ነው። መመከር ያለበት እንግዲህ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ቤቱ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ሚዛኑ ነው። ፕሮግራሙ ክብደትን ከቁመት ጋር አስልቶ ውጤቱ ከ25 በታች ከሆነ «ጤናማ ነህ» ብሎ ያሰናብታል። ሐኪሞች ግን ከኢትዮጵያ በመጣነው ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ ገና ወፍራም ባልተባለ ሰውነትም እንደሚታይ አስተውለዋል። ቀጭን ነኝ ብሎ የደም ምርመራን መተው አይገባም።

ሦስተኛው የቋንቋው ነገር ነው። የሞከርሁት ፕሮግራም የሚናገረው በዕብራይስጥ ነው። አንዲት ገና ኡልፓን የምትማር ጎረቤቴ ተመሳሳይ ነገር ስልኳ ላይ ጭና፣ መልእክቱን የሚያነብላት የ12 ዓመት ልጇ ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ባሉበት «እማዬ፣ ስልኩ ዛሬ በቃሽ ይላል» አላት። እሷ ሳቀች፤ እጇን ግን ከትሪው ሰበሰበች። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ እርግዝናና ስለምትወስደው መድኃኒት የሚጠይቅ ገጽ ቢመጣ፣ ልጁ ቃሉን ስላላወቀ እንደ መሰለው ሞላው። ልጅን የእናቱ ተቆጣጣሪ የሚያደርግ ምክር ጥቂት ኪሎ ቢቀንስ እንኳ ከቤቱ ክብርን ይወስዳል፤ በስሕተት የተሞላውም መልስ ሊጎዳ ይችላል።

መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ጥናትም መስክሯል። በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 471 ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ሁሉም ስለ አመጋገብና እንቅስቃሴ ምክር ሲያገኙ ግማሾቹ በተጨማሪ በክንዳቸው መቁጠሪያ አሰሩ። ያሰሩት በአማካይ 3.5 ኪሎ፣ ያላሰሩት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። ከዚያ በፊት በ2002 በታተመው ታላቅ ጥናት ደግሞ 3,234 ለስኳር በሽታ የቀረቡ ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ከእነዚህ መካከል መካሪያቸውን ፊት ለፊት እያገኙ 16 ትምህርት የወሰዱት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። የተጠየቁትም የማይቻል ነገር አይደለም፤ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስ፣ ማለትም ለ70 ኪሎ ሰው 5 ኪሎ ያህል፣ በሳምንትም 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ስልኩ ጥሩ ቆጣሪ ነው፤ መካሪ ግን አይደለም። እርምጃን ይቁጠርላችሁ፣ የሳምንቱን ክብደት ይመዝግብላችሁ። ምክሩን ግን ከሰው ጠይቁ። ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የአገሩ ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም በአንዱ የመመዝገብ መብት አለው። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለሕዝቡ እንዲያስማሙ አዟል። ስለዚህ የአመጋገብ ባለሙያ ዘንድ ስትቀርቡ አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ስልክ አለ ብላችሁ ምግብ አትዝለሉ፤ ከአስተስርዮና ከስግድ ጾም በፊትም ሐኪማችሁን አማክሩ።

በቤት ደግሞ አንድ ሆናችሁ ጀምሩ። ጣፋጭ መጠጡ ለአባት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይቅር፤ ዘይቱ በማንኪያ ይለካ፤ ከሰንበት ምሳ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይራመድ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ቤቱ ካበረ ልጅም በእናቱ ላይ ዳኛ አይሆንም።

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጣችሁ።