ጎመኑን አትደብቂው

ሐምሌ ላይ ወደ ወረዳችን ፃግብጂ የመጣች አንዲት ወጣት የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ የጫማዋ ጭቃ ገና ሳይደርቅ ከቦርሳዋ በላስቲክ የተቋጠረ አረንጓዴ ዱቄት አወጣች። የሽፈራው ቅጠል ነው። «እትዬ፣ ጎመን እምቢ ለሚል ልጅ ይኼን ገንፎው ውስጥ ጣል ብናደርግለትስ? አያውቅም እኮ» አለችኝ።

ያውቃል። በጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እኔም እንደ እሷ ነበርኩ። በአንድ ቀበሌ የምግብ ሠርቶ ማሳያ ላይ የደረቀ ጎመን ወቅጬ ከገብስና ከሽምብራ ዱቄት ጋር አገነፋሁ። እናቶቹ አጨበጨቡ። ሁለት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ጎረሰ፤ አልዋጠም፣ አልተፋምም፤ አፉ ውስጥ እንደያዘው እናቱን ዓይን ዓይኗን አያት። ከዚያ ቀን ወዲያ ነጩን ገንፎ ሳይቀር በጣቱ እየፈተሸ ይገፋ ጀመር። ከወር በኋላ እናቱ መንገድ ላይ ይዛኝ «ጎመኑስ ይቅር፣ ገንፎውን ምን ብለሽ ነጠቅሽኝ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ?

ከዱቄቱ ጋር ጠብ የለኝም። ሽፈራው መልካም ቅጠል ነው፤ ሁሉም እያየ ለቤተሰቡ ሁሉ ወጥ ውስጥ ይግባ። ልጁን ብቻ ለይቶ ማታለል ነው የማልወደው። የተደበቀ ጎመን ቢዋጥ እንኳ ልጁ ጎመን አልለመደም፤ ነገም ቅጠሉን ሲያይ ያው ነው። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ አሥርም አሥራ አምስትም ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። የእኛ እናት ግን በሦስተኛው ቀን «ልጄ ጎመን አይወድም» ብላ ትፈርዳለች። ሆዱ ባዶ እንዳያድር ብላም ዳቦ በሻይ ታቀርብለታለች። ሻዩ ደግሞ ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይሻማዋል።

እኔ የማምነው ጉርሻ ነው። ጉርሻው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይሁን፤ ከዚያ አይብለጥ። ጎመኑ ደቆ ይከተፍ፤ የተቀቀለበት ውሃ አይደፋ፣ ከነውሃው ከክኩ ጋር ይንተክተክ። ቅቤ ካለ ቅቤ፣ ከሌለ ዘይት ጠብ ይበልበት፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ለቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገር ያለ ስብ ገላ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ልጁ ከተፋው ጠርጎ ዝም ነው። አፉን ፈልቅቆ ማጉረስ የለም፣ «ከበላህ ከረሜላ» የለም። ነገ ያችኑ ታህል ጉርሻ።

ጾም ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደማይጾም ቄሶቹም ያስተምራሉ፤ ድስቱ ግን ይጾማል። እንቁላል የነካው ዕቃ የጾም ወጥ እንዳይነካ እየተባለ ለልጁ እንቁላል ሳይቀቀልለት ሁለት ወር ያልፋል። ለልጁ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት ግዙ እያልኩ ስለፈልፍ «የድስቷ ሴትዮ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። በጎመን በኩል ግን ጾም ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ አንድ ገበታ ከብቦ ሲበላው ልጁ ያያል።

ሐምሌ 2007 የመንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይፋ ሲሆን በ2022 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ዜሮ ማድረስ ታስቦ ነበር። በዓመቱ፣ በ2008 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጓሮ አትክልት ብዙ ተሠርቷል። ጎመኑ ከጓሮ እስከ ልጁ አፍ ያለውን መንገድ ግን የምንሞላው ቅጽ አይጠይቅም።

ይኼን ሁሉ ስል የክንድ መለኪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ወርዶ ቀዩን ያሳየበትን ልጅ ረስቼ አይደለም። እዚያ ላይ የጎመን ወሬ አይወራም፤ ሕክምናና ፕላምፒ ነት የሚባለው አልሚ ምግብ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከፃግብጂና ከአበርገሌ ተፈናቅለን ሰቆጣ ስንጠለልም ያለን የእርዳታ ስንዴ ነበር። ልጆቹ ጠዋት ንፍሮ፣ ማታ ንፍሮ። ድሮ ስለ ጎመን የምነዘንዛት አንዲት እናት «አሁን እንኳ እምቢ የሚለኝ ጎመን ባገኘሁ» ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለ ጉርሻው ያስተማረችኝ ሥልጠና ሳትሆን እናቴ ናት። የበኩር ልጄ ሁለት ዓመቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ሲያይ ይሸሽ ነበር፤ ቀን የሰው ልጅ ስመክር ውዬ ማታ በራሴ ልጅ አፍራለሁ። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሰነበተች። ጎመኗን ከምድጃው ዳር ይዛ በዝግታ ትበላለች፤ ለእሱ አትሰጠውም፣ አታየውምም። በአራተኛው ቀን ተጠግቶ ጉልበቷን ያዘ። «ይኼ የትልቅ ሰው ነው» አለችው። አፉን ከፈተ።

አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነው። ጎመን ይበላል፤ አገዳውን ግን እስከ ዛሬ እየለቀመ ከሰሃኑ ዳር ያስቀምጠዋል። እኔም አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ።