ቆብ፣ ጎፈርና ሳዱላ፦ በጣና ዙሪያና በጎጃም ገጠር የወንድና የሴት አለባበስ ድንበር

ኦሪት ዘዳግም 22፥5 ሴት የወንድን፣ ወንድም የሴትን ልብስ እንዳይለብሱ ይከለክላል። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዐውደ ምሕረት ላይ ሱሪ የለበሰች ልጃገረድ ስትገሠጽ የሚጠቀሰው ይኸው ቃል ነው። በዚያው ቅጽር ውስጥ የሚነበበው ስንክሳር ግን ትእዛዙን ተላልፈው የጸደቁ ሴቶችን ያከብራል። ጥር 21፣ ገጠሩ ለአስተርእዮ ማርያም ነጭ ለብሶ በሚወጣበት ዕለት፣ የንጉሥ ዘይኖን ልጅ ኢላርያም ትታሰባለች፤ በወታደር ልብስ ከአባቷ ቤተ መንግሥት ኮብልላ በግብፅ በረሃ እንደ ጃንደረባ መነኩሴ የኖረች ናት። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ነሐሴ 15፣ ደግሞ ሕዝቡ እንባ መሪና የሚላት ትዘከራለች። መምህራኑ ቃሉንና ገድሉን ለማስታረቅ «ንጽሕናዋን ለመጠበቅ ነው» ብለው ያልፋሉ። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ታሪኩን ግን ያሳጥረዋል።

የመሪናን ነገር ረጋ ብለን እንየው። አባቷ ሊመነኩስ ሲነሣ ጠጕሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ተከተለችው። እሱ ካረፈ በኋላም ወንድ መነኩሴ እንደሆነች ቀረች። ለገዳሙ ሥራ ወጥታ እንግዳ ማሳደሪያ ቤት ባደረች ጊዜ፣ ከሌላ ያረገዘችው የባለቤቱ ልጅ በእሷ አሳበበች። ቀሚሷን ገልጣ ነገሩን በአንድ አፍታ መጨረስ ስትችል ክሱን ዝም ብላ ተቀበለች፤ ከገዳም ተባረረች፤ ሕፃኑንም አምጥተው አስታቀፏት። ከእረኞች ወተት እየለመነች አሳደገችው። አባት ተብላ የተፈረደባት ሴት የእናትን ሥራ ሠራች ማለት ነው። ስትመለስም ውኃ መቅዳትና መጥረግ ተጨመረባት። እውነቱ የታወቀው አስከሬኗ ሲገነዝ ነው። ጸሐፊው የወንድ ልብሷን የሚምርላት፣ በእኔ ንባብ፣ ከወንድነት አንዳች ጥቅም ስላላገኘችበት ነው፤ ከወንድነት የደረሳት ቅጣቱ ብቻ ነበር።

በዚህ አካባቢ የልብስ ድንበር መሻገር የተፈቀደው መሻገሩ ከለባሹ ሌላ ባለቤት ሲኖረው ነው። ለመሪና ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው። ለባለዛር ሴት ደግሞ ዛሩ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ መልካም አያሁ ከተባለች ዐዋቂ ቤት እየዋለ ያየውን መዝግቧል። አንዴ አባ ዮሴፍ የተባለ ወንድ ዛር፣ አንዴ ራሂሎ የተባለች ወይዘሮ ዛር ይሰፍሩባት ነበር። ወንድ ዛር የያዛት ሴት ጎፈር ትደፋለች፣ ጦር ወይም አለንጋ ትጨብጣለች፣ አንገቷን እያሽከረከረች ትፎክራለች፤ ታዳሚውም እንደ ወንድ ያነጋግራታል። ባሏ ሳይቀር የዛሩን ግብር ያቀርባል። ዛሩ ሲለቃት ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች፤ የሚያስጠይቃት የለም፣ እሷ የዛሩ ፈረስ ናትና። ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን «የተኖረ ተውኔት» ብሎታል። ጥሩ አባባል ነው፤ ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ ግን አይነግረንም። ልጅ አልበረክት ያላት እናት ወንድ ልጇን በሴት ስም ስትጠራው፣ «አንቺ» ስትለው፣ ጆሮውን ስትበሳውም ነገሩ ያው ነው፤ ሞትና ቡዳ እንዲስቱት ነውና ማንም አይስቅባትም።

ሴትነት ራሱም አንድ መልክ ኖሮት አያውቅም። ሳዱላ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ጠጕር የምታስቀር ያላገባች ልጃገረድ ነበረች፤ ውበቷም እሱ ነበር። ስታገባ ታሳድገዋለች፣ ሹሩባ ትሠራለች። ሐዘን ሲገባት ትላጫለች፤ ስትመነኩስም ትላጫለች። የተላጨ ራስ እንግዲህ የወንድ ምልክት አልነበረም፤ ሴቲቱ ከዕድሜዋ የት እንደደረሰች ያሳያል እንጂ። «ጠጕሯን የተቆረጠች ሴት ወንድ መሰለች» የሚለውን ተግሣጽ የጥንት ወግ አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች ሳዱላን ረስተዋል።

ከጢስ ዓባይ ብዙም በማይርቀው ቋራጣ የምትታወሰው ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) ወንድ አልመሰለችም፤ ወይዘሮነትን አወለቀች። የሱስንዮስ የጦር አለቃ የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ጌጧን ሰጥታ፣ ተላጭታ፣ ቆብ ደፍታ ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩበትን ማኅበር መራች። ከዘመናት በኋላ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ጽላሎ ለወንድ ተማሪዎች ቅኔ ሲያስተምሩ፣ የወንዱን ወንበር ለመያዝ ወንድ መምሰል አላስፈለጋቸውም።

ይህ ሁሉ ፈቃድ ሽቅብ ለሚወጣው ነው። «እሷ እኮ ወንድ ናት» ሙገሳ ነው፤ «ሴታሴት» ግን ስድብ። ዛርም ሆነ ሞትን ማሳት ሳይኖረው ወደ ሴት መልክ የሚያዘነብል ጎልማሳ ከለላ የለውም፤ «እኔ ራሴ እንዲህ ነኝ» ለሚል ሰው ወጉ ቦታ አላበጀለትም። ለተማረውም ቢሆን ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢያቸው የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት የባህል ወረራ ነው ብለው ሲበትኑ፣ የውጭውን ኢምፔሪያሊዝም እያወገዙ የሴት ተማሪዎችን ቀሚስ ይለኩ ነበር።

ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1672 የጻፈው የወለተ ጴጥሮስ ገድል እ.ኤ.አ. በ2015 በዌንዲ ቤልቸርና በሚካኤል ክላይነር በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ ስለ መነኮሳይያቱ ፍቅር የተሰጠው ትርጓሜ ከምእመናንና ከምሁራን ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ። ሁለቱም ወገን የተሟገተው አንድን አንቀጽ ይዞ ስለ መኝታ ነው። የገድሉ ጸሐፊ በጥንቃቄ የተረከው የጌጡ መውለቅ፣ የጠጕሩ መላጨትና የቆቡ መደፋት ግን እስከዛሬ በቂ አንባቢ አላገኘም።