«መሬት ለአራሹ» እና የማይታረስ መሬት፤ ስለ መንዝ ጓሳ የቀረበ ሂስ

በሌላ አገር የተፀነሰ የመንግሥት ሐሳብ ወደ አገራችን ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «እውነት ነውን?» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «የማንን ችግር ለማቃለል ተነገረ?» የሚለው ነው።

«መሬት ለአራሹ» የሚለው ሐሳብ በሜክሲኮና በሩሲያ አብዮቶች ዘንድ የታወቀ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች በአደባባይ አሰሙት፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ ሕግ አደረገው። በደቡብ፥ ጭሰኛው ከምርቱ ከፍ ያለውን ድርሻ ለባለመሬት በሚከፍልበት አገር፥ ቃሉ ከችግሩ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ግን ብዙው አራሽ በአባቱም በእናቱም ወገን ቆጥሮ የሚይዘው ርስት ነበረው። አዋጁም ይህን ልዩነት ፈጽሞ አልዘነጋም፤ የርስት አገር ገበሬ በጊዜው የሚያርሰውን ይዞ እንዲቀጥል ፈቅዷል።

ጉድለቱ ከሌላ ላይ ነው። ቃሉ የመሬትን መብት የለካው በማረሻ ነው፤ የመንዝ ኑሮ ግን ባልታረሰ መሬትም የቆመ ነው። ከ3200 ሜትር በላይ የሚገኘው የጓሳ ምድር ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለጌሳ የሚሆን ሣር ይሰጣል፤ ለከብትም ግጦሽ ነው። ይህን ምድር ቀሮ የሚባለው ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች አባ ቀራ መርጠው፥ ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ምድሩን አንዳንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የተወላጅነት መብት ሲሻር፥ የሚዘጋው ሰው ሥልጣንም አብሮ ተሻረ። ተጠቃሚው በዛ፤ ጠባቂው ጠፋ።

ዳሩ ግን ቀሮን ማመስገን ብቻ ግማሹን እውነት መተው ነው። ሐረጉን ከአስቦ ወይም ከጌራ መቁጠር የማይችል ጎረቤት በዚያ ሣር ላይ መብት አልነበረውም። አዋጁ ይህን አድልዎ ማስወገዱ መልካም ነበር፤ ስሕተቱ አድልዎውንና ጥበቃውን ለይቶ አለማየቱ ነው። ከጊዜ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ያቆመው የጥበቃ ሥርዓት ሁለቱን ለየ፤ መብቱን ከትውልድ ወደ ነዋሪነት አዛውሮ፥ የመዝጋቱን ልማድ ግን ከቀሮ ወረሰ።

ስለዚህ ሐሳብ መጤ መሆኑ ብቻ ነውር አይደለም። ሕግ አውጪ ግን አንድን ልማድ ከመሻሩ በፊት ልማዱ ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበረ፥ ያንንም ሥራ ወደ ፊት ማን እንደሚሠራው መመርመር ይገባዋል። ምርመራውም በየአገሩ ይሁን፤ ገብስና በግ ለሚያኖሩት የመንዝ ደጋ የተገኘው መልስ፥ ማሽላ ለሚዘራበት የመርሐ ቤቴ ቆላ ሳይመረመር ቢሰጥ፥ እርሱም በተራው መጤ ሐሳብ ይሆናል።