ኮንቨርጅ እስከ «ጄን ዶ»፤ ስለ አንድ ባንድ የመጀመሪያ ዘመን

ከሃርድኮርና ከሄቪ ሜታል መካከል ስለ ተወለደው ሙዚቃ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ዐይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው፣ ይህ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እነዚህ ባንዶች ለትልልቅ ኩባንያዎች ስላልተሸጡ ሥራቸው ከልብ የመነጨ ነው፤ ከልብ ከመነጨም መልካም ነው የሚለው ነው። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። የመጀመሪያው ሳያዳምጥ ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ሥራውን ትቶ የሠሪውን ኑሮ ያመሰግናል። ከልቡ የሚዘፍን መጥፎ ዘፋኝ ያላጋጠመው ማን አለ? ስለዚህ ኮንቨርጅ የተባለውን የአሜሪካ ባንድ ምሳሌ አድርገን፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ መሥራት ለሙዚቃው በእውነት ምን እንደ ጨመረለት ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባንዱ የተቋቋመው በ1990 በማሳቹሴትስ ግዛት በሴለም ከተማ ነው። (ሴለም በ1692 በጠንቋይነት የተከሰሱ ሰዎች የተፈረደባቸው ከተማ መሆኗን ከሙዚቃው ጨለማነት ጋር ማያያዝ የሚወዱ አሉ፤ እኛ ግን በዚህ ብዙ ፍሬ አናይም።) ድምፃዊው ጄኮብ ባኖንና ጊታር ተጫዋቹ ከርት ባሉ ያን ጊዜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚኮንበት ዕድሜ ላይ ነበሩ፤ የጀመሩትም የሌሎችን ዘፈን በመጫወት ነው። በፊታቸው ሁለት ውርስ ነበረ። ሃርድኮር አጭር፣ ፈጣንና ቁጡ ዘፈን ነው፤ ማንም ጊታር ያለው ወጣት ሊሞክረው ይችላል። ሜታል ደግሞ የጣት ልምምድና የረዘመ ቅንብር ይጠይቃል። የባንዱ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመታት ታሪክ እነዚህን ሁለቱን አንድ ለማድረግ የተደረገ ድካም ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ድካሙ ቶሎ አልተሳካም። በ1994 የወጣው «ሄሎ ኢን ኤ ሄይስታክ» ሁለቱን ውርሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይተዋቸዋል፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል፤ ስፌቱም ይታያል። በ1996 በወጣው «ፔቲሽኒንግ ዘ ኤምፕቲ ስካይ» ላይ ግን «ዘ ሳዴስት ዴይ» የተባለው መክፈቻ ዘፈን ወደ ሰባት ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ለሃርድኮር አድማጭ ይህ ብዙ ነው። ዘፈኑ ይሮጣል፣ ድንገት ይቆማል፣ ሌላ ምት ይዞ ይነሣል፤ ያም ሆኖ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ የታሰበበት መሆኑ ያስታውቃል። ጉድለቱ የቀረጻው ቅጥነት ነው። በ1998 ስቲቭ ኦስቲን ያቀናበረው «ዌን ፎርኤቨር ከምስ ክራሺንግ» ይህን ጉድለት በክብደት ሊሞላ ሞከረ፤ ነገር ግን ክብደቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዐይነት በመሆኑ ጆሮ ይለምደዋል፤ የለመደውንም መፍራት ይተዋል።

እንግዲህ ከኩባንያ ውጭ መሆን ጠቀሜታው የት ላይ ነው? በእኛ አስተያየት፣ ጠቀሜታው ባንዱ ሙያውን ራሱ ለመማር መገደዱ ላይ ነው። ባሉ ምሕንድስና ተምሮ በሕክምና መሣሪያ ሥራ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ጎድሲቲ የተባለውን የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ አቋቋመ። ከመሥሪያ ቤቱ በተቀነሰ ጊዜም የተከፈለውን የስንብት ገንዘብ ለስቱዲዮው ዕቃ አዋለው። ባኖን የንድፍ ሙያ ተምሮ የሸክላዎቹን ሽፋን ራሱ ይሠራ ነበር፤ ኋላም ዴዝዊሽ የተባለ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከአንድ ባልደረባው ጋር መሠረተ። ነጻነት ሲባል ያለ አሳታሚ መቅረት ማለት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። የ1998ቱን ሸክላና ተከታዩን ያወጣው ኢኳል ቪዥን የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው፤ ሆኖም ይኸው ኩባንያ ሦስት ያልሰመሩ ሸክላዎችን ያወጣ ባንድ አራተኛውን እንዲሞክር ጊዜ ሰጠ። ትልቅ ኩባንያ ይህን ያህል ይታገሥ ነበር ብለን አናምንም።

አራተኛው «ጄን ዶ» ነው፤ በመስከረም 4 ቀን 2001 ወጣ። በዚያን ጊዜ ቤዝ ጊታሩን ኔት ኒውተን፣ ድራሙን ቤን ኮለር ይዘውት ነበር፤ የኮለር መምጣት ብቻ ግማሽ መልስ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ከእርሱ በፊት ፍጥነቱና ክብደቱ ተራ ይጠባበቁ ነበር፤ በእርሱ እጅ ግን አንድ ላይ ይመጣሉ። ቀረጻውን ባሉ ከማቲው ኤላርድ ጋር ሆኖ አቀናበረው። ዐሥራ ሁለት ዘፈን፣ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል። የመጀመሪያው «ኮንኪዩባይን» ከደቂቃ ተኩል ያንሳል፤ የመጨረሻው ከዐሥራ አንድ ደቂቃ ያልፋል። ከመካከላቸው «ፊኒክስ ኢን ፍላይት» በዝግታ ይጓዛል፤ ወዲያው የሚከተለው «ፊኒክስ ኢን ፍሌምስ» ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ጩኸትና ድራም ነው። ከእንግዲህ አድማጩ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት አይችልም። የ1998ቱ ሸክላ ያልነበረው ይህ ነው። የመጨረሻው ረጅም ዘፈን ሲጀምር የሚሰማው ዝግታም ዕረፍት አይመስልም፤ የደከመ ሰው መቀመጫ ማጣት ይመስላል።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ማለት ይገባናል። ሸክላው የአንድ ፍቅር መፍረስ ነው። ባኖን ከሸክላው ጋር ያሳተመው ግጥምና በጩኸት የሚያወጣው ቃል ግን በብዙ ቦታ አይገጥሙም፤ የታተመው ይረዝማል፣ የሚሰማው ያጥራል። ብዙዎች ይህን ስንፍና አድርገው ይቆጥሩታል። እኛ ግን ሙሾ ስትወርድ ድምፅዋ የተቆረጠባትን አልቃሽ ሰምተናል፤ ቃሉ ሲጠፋ ኀዘኑ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። በ«ጄን ዶ» ወረቀቱ ሊባል የተፈለገውን ይይዛል፤ ድምፁ ደግሞ ከዚያ ውስጥ በአፍ ሊወጣ የቻለውን ብቻ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ የሥራው አካል ነው።

በዚህ ሁሉ ምስጋና ላይ አንድ ነቀፌታ አለን፤ ቀላልም አይደለም። ጄን ዶ በአሜሪካ ፍርድ ቤትና ሆስፒታል ስሟ ላልታወቀ ሴት የሚሰጥ ስም ነው። በአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ የተበደለው ሰው ይጮኻል፤ ሴቲቱ ግን አንዲት ቃል አትናገርም። በሽፋኑ ላይ ዐይኖችዋ በጥላ የተዋጡ ፊት ሆና ተስላለች፤ ያም ፊት ከአንዲት ፈረንሳዊት ሞዴል የመጽሔት ፎቶግራፍ የተወሰደ መሆኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታወቀ። ስም የለሽ የተባለችው ሴት ለካ ፊቷም ስሟም የሌላ ሰው ነበረ። ባንዱ መቅረጽን፣ መሣልንና ማሳተምን ለብቻው ተምሯል፤ የሌላውን ወገን ድምፅ ማስገባትን ግን በዚህ ሸክላ ላይ አልሞከረም።